መልሶ የተሰጠው ቀይ ጊታር

ታላቅ ወንድሜ ጊታሩን ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ያለቀሰው ከደስታ ብዛት ነው ተብሎ ነበር። እኔ ያኔም አላመንኩም። ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቀለሙ የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ መጠምዘዣ ጠፍቶ የአሮጌ ራዲዮ መጠምዘዣ የተተካበት። በወጣትነቱ ሆሳዕና ውስጥ በየሆቴሉ ዘፈን ሲጫወትበት ኖረና ጌታን ሲቀበል በትውልድ ቀያችን በቦኖሻ ላለችው ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን፣ ለኳየሩ፣ አስረከበው። ሽማግሌዎቹ "ዓለም ውስጥ ብዙ ቆይቷል" ብለው እጅ ጭነው ጸለዩበት። እንጨትና ሽቦ ላይ እጅ ሲጫን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ኳየሩ አዲስ ኪቦርድ አስገባና ጊታሩ ለሽያጭ ቀረበ። አንዱ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቅቆ "ቪንቴጅ" ብሎ ጻፈበት። እኛ ዘንድ እርጅና ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ በፈረንጅ አፍ መጠራት አለበት።

ወንድሜ ፎቶውን አየና ስልኬን ቶሎ አልመለሰልኝም። ጊታሩን እንደሚፈልገው ነገረኝ። ግን ለጌታ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ስለሆነ ራሱ መግዛት አይችልም። እኔ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውኩ ስለቆየሁ፣ ነውሩ እኔን አይመለከተኝም። ገዝቼ ሆሳዕና ቤቴ ባስቀምጠው እሱ እየመጣ ይጫወትበታል። ይህችን ቀዳዳ ያገኛት አማኙ እንጂ እኔ አይደለሁም። ከሃዲ ወንድም ለካ እንዲህም ይጠቅማል።

እሑድ አብረን ቦኖሻ ሄድን። እዚያ ከአምልኮ በኋላ ሰው በዓይነት ያመጣው መባ ግቢው ውስጥ በጨረታ ይሸጣል፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ በርበሬ። ደንቡን ለማያውቅ ነገሩ እብደት ነው። ዶሮዋን በውድ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ "መልሼ ሰጥቻለሁ" ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ዶሮዋም እንደገና ትሸጣለች። አንዲት ዶሮ እንዲህ ስትዞር ውላ የአዳራሹን ግማሽ ቆርቆሮ ስታለብስ አይቻለሁ። ስለ ገበያ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ይህችን ዶሮ የሚያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

ጊታሩ ሲቀርብ ከአዲስ አበባ የመጣ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ተፎካከረኝ። ጨረታውን የሚመራው ሽማግሌ እየተንጎራደደ፣ "ከሆሳዕና የመጣውን ወንድማችንን ጌታ ልቡን እየነካው ነው" አለ። ልቤን የነካው የሰብሳቢው ግትርነት ነበር። በመጨረሻ አሸነፍኩ፤ ያለኝንም ከፈልኩ። ጊታሩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ግቢው ሁሉ ተመለከተኝ። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። አልናገርም ብዬ ቆርጬ ነበር።

ከጎኔ ወንድሜ ብድግ አለ።

"መልሰን ሰጥተናል።"

እልልታው ቀለጠ። ዞር ብዬ ሳየው ከእኔ ይልቅ እሱ ደንግጧል። በሁለተኛው ዙር ኪሴ ውስጥ የቀረው የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ስለነበር ሰብሳቢው ያለ ተፎካካሪ አሸነፈ። ሁሉም እኔን እንዳየኝ እሱንም ትኩር ብሎ አየው። እሱ ደንቡን ስለማያውቅ በትሕትና ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ጊታሩን መኪናው ውስጥ አስገባው።

በሚኒባስ ተመለስን።

"ጋሼ፣ ምን ነካህ?" አልኩት መንገዱ ሲጋመስ።

"እኔ እንጃ። ሰው ሁሉ ሲያየን አፌ ቀደመኝ።" ከዚያ ተቆጣ። "አንተስ? 'የለም፣ ጊታሩ የእኔ ነው' ብትል ምን ነበረበት? አንተ እኮ አታምንም። የወሰድኩህ ለዚህ አልነበር?"

እውነቱን ነው፤ የተወሰድኩት ለዚያ ነበር። ተቆጥቼ መነሳት፣ ቢያንስ ማጉረምረም ነበረብኝ። የማስታውሰው ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ያን ቃል ሲናገርና ግቢው በጭብጨባ ሲሞላ፣ የእኔም እጆች ከሁሉም ጋር እኩል ያጨበጭቡ ነበር።