የጓደኛዬ ሳሙና ለምን ቀጠነ?

ዛሬ ዳንግላ ገበያ ላይ፣ እያወቅኩ «አላውቅም» አልኩ።

ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠችው የድሮ ጓደኛዬ ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች ትሸጣለች፤ ሦስት ሠራተኞች አሏት። እኔ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ በግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የወጪ መጋራቱን ዕዳ ስላልከፈልኩ ዋናው ዲግሪዬ ገና አልተሰጠኝም።

«እህቴ፣ አንቺ የተማርሽው ነው። ሳሙናው ለምን ይቀጥንብኛል?» አለችኝ።

ጨው ፈሳሽ ሳሙናን ያወፍራል፤ ሲበዛ ግን መልሶ ያቀጥነዋል። እሷም ጨው እንዳበዛች ወዲያው ገብቶኛል። (አምስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም!) ቅናት ግን አፌን ያዘኝ።

ጋሪ ተራ ስደርስ አላስቻለኝም፤ ተመልሼ ነገርኳት። ጨው ቀንሳ እዚያው በትንሹ እንደ አዲስ ስትሠራው ወፈረላት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አሠሪኝ፤ እከፍልሻለሁ» አለችኝ። የአራት ቅዳሜ ክፍያዋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል።

እሺ አልኳት። ዕዳዬን እከፍልበታለሁ፤ ግን አሁንም እየቀናሁባት ነው።

እናንተስ፣ በምትወዱት ሰው ቀንታችሁ ታውቃላችሁ?