አያቴ ሙዚየም ውስጥ የሰሙት መርዶ

አያቴ ዛሬ መርዶ የሰሙት ከአስጎብኚ አፍ ነው።

ድሮ አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ በነበሩበት ጊዜ ሳሊም የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ጓደኛ ነበራቸው፤ ወላጆቹ ከየመን የመጡ አይሁድ ናቸው። አይሁዶቹ ይጸልዩበት የነበረው አሮጌ ቤት ሙዚየም ሆነ ሲባል «ሳሊምን እዚያ አላጣውም» ብለው ከአዳማ እየጎተቱ ወሰዱኝ።

በሩ ላይ «አባባ፣ ጸሎት ቤት እኮ ነው፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ» አልኳቸው።

«ዝም በል! እዚህ ቤት ራስ ይሸፈናል።»

ከዚያ አስጎብኚነቱን ከአስጎብኚው ልጅ ነጠቁት። «ይኼ ወንበር የሳሊም ነው፤ ማነው ከመስኮቱ ያራቀው?»

ልጁ ፈገግ ብሎ «እስኪያርፉ ድረስ የቤቱን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ» አለ።

«ሳሊም አርፏል?»

ልጁ ደነገጠ። እኔም ስቀርጽበት የነበረውን ስልኬን አወረድኩ።

መርዶ እኮ ሲነጋጋ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለአያቴ ግን ከመግቢያ ትኬቱ ጋር ተሰጣቸው።

«መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንም አላስነሳቸውም።

«ማን ቀበረው?» አሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናዎት አባባ» አላቸው፤ የማናውቃቸው ጎብኚዎችም ተከተሉት።

አሁን አዳማ ገብተናል። እናቴ ለሰፈሩ ተናግራ ቤታችን ለቀስተኛ ሞልቷል። ሳሊምን አይቶት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ አያቴ ወደ ቤት ለሚገባው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው እየነገሩ ነው።

የእናንተ አያቶችስ ሳይሰናበቱት የቀሩት ጓደኛ አላቸው? ስሙን ጠይቋቸውና እዚህ ጻፉልኝ።