ዳኛው አፉን ሲከፍት

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ የራሱ ስም ተረስቶ «ዳኛው» ከተባለ ዘመናት አልፈዋል። ችሎት ተቀምጦ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያገኘው ባለመሳቁ ብቻ ነው። ሰው ሱቁ ገብቶ ሆድ የሚያቆስል ቀልድ ቢያወራ፣ ዳኛው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ «እ» ብቻ ይላል። ደንበኞቹም «ይሄ እኮ ቁም ነገረኛ ሰው ነው» እያሉ የሚጠብ ሱሪ ብቻ ሳይሆን የባልና ሚስት ጠብ ሳይቀር ይዘውለት ይመጣሉ። እሱ ስፒሉን እንደጎረሰ ራሱን ይነቀንቃል፤ የተጣሉት ታርቀው ይሄዳሉ። ወደው አይስቁ!

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ናት። ዳኛው ትንሽ ነገር የሚያስቀው ሰው ነው። ችግሩ፣ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ አንዱ ሰልፍ እንደሚጋፋ ሰው ጎረቤቱ ላይ ወጥቶ መብቀሉ ነው። ፍንጭት ቢሆን እንኳ ዘፋኝ ያሞግሰው ነበር፤ ለድርብ ጥርስ ግን የዘፈነ የለም። በልጅነቱ የክፍል ጓደኞቹ አሳሩን አብልተውታል። ስለዚህ ሲጎረምስ ሪዙን ከንፈሩ ላይ አወረደ፣ ሙያ ሲይዝ ስፒል ጎረሰ፣ ተገላገለ። ስፒል የጎረሰን ሰው «እስቲ ሳቅ በል» የሚል ጨካኝ የለም።

ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር፣ ሴት ልጁ ሚጡ የወተት ጥርሷን እስክትጥል ድረስ። ሚጡ ሳቋ ከሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ ነበረች። አዲሱ ጥርስ ልክ የአባቷን ቦታ ይዞ፣ ልክ የአባቷን ያህል ተደርቦ ወጣ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ፊቷን ቋጥራ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሲያስቋት መዳፏ አፏ ላይ ነው። ዳኛው ይሄን ባየ ቁጥር ያዝናል። ከዚያ በላይ ደግሞ ይፈራል፤ ቤትም ቢሆን ሪዙና መዳፉ አፉን ይጋርዱታልና ልጁ ጥርሱን አይታው አታውቅም። ከማን እንደወረሰችው ስታውቅ ምን ትለኝ ይሆን? «በአንተ ነው» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

መፍትሔው በራሱ እግር ሱቁ ድረስ መጣ። አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም የነጭ ጋውኗን እጅጌ ልታሳጥር ገብታ፣ እሱ ክንዷን ሲለካ እሷ አፉን ትለካለች።

«ጋሼ፣ ጥርስዎን ማስተካከል አስበው አያውቁም?»

ዳኛው ስፒል ሊውጥ ምንም አልቀረው።

«የማይታይ ማስተካከያ አለ እኮ። እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፣ ጥርስዎ ላይ ልክክ ይላል። ትልልቅ ሰዎችም ያደርጉታል። ማንም አያይብዎትም።»

ማንም አያይብዎትም! ዳኛው በዚያች ቃል ሰከረ። በሐሳቡ ጥርሱ ቀስ በቀስ ቀና አለ፤ ሚጡ አድጋ ትክ ብላ ስታየው የአባቷ አፍ እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ታገኘዋለች። ጉዳዩ ማስረጃ አጣ፤ ተከሳሹም በነፃ ተሰናበተ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እንደሆን አይቼ አግብቼሃለሁ። አሁን ደግሞ ለማን ልትዳር ነው?»

«ለሚጡ ብዬ ነው።»

«ለሚጡ ከሆነ መጀመሪያ አሳያት።»

ያልሰማ መስሎ ተኛ።

ክሊኒኩ ሄዶ ሐኪሟ ስታስረዳው ሁሉም ነገር ጥሞት ነበር፤ አንዲት ነገር እስክትጨምር።

«የሚያወልቁት ሲበሉ ነው። ሌላ ጊዜ አፍዎ ውስጥ ይውላል፣ ያድራል። ስፒል መጉረስ ግን የለም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ድሮም መጉረስ አልነበረብዎትም።»

ዳኛው ያለ ስፒል መኖር ይቻል እንደሆነ ልሞክር ብሎ ቀጠሮ ይዞ ወጣ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ትራስ ሰፍቶ ግራ የእጁ አንጓ ላይ አሰረ፤ ስፒሎቹን እዚያ ሰካካ። ከንፈሩ ባዶውን ሲቀር ራቁቱን አደባባይ የወጣ መሰለው። ደንበኞቹ በበኩላቸው «እ» ሲል የኖረ ሰው «ትከሻው ጋ ትንሽ ይያዝ?» ሲል ሰምተው ዞር ብለው አዩት።

እንዲህ በዋለበት ቀን ሚጡ ከትምህርት ቤት መጥታ ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ ብላለች። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ አዲሱን ሱሪ ለብሶ እንደ ሐውልት ቆሟል። ዳኛው ተንበርክኮ የሱሪውን ጫፍ እያጠፈ በስፒል ይይዛል። እጅ ደግሞ ልማዱን አይረሳም፤ ስፒል ፍለጋ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ያጣል፣ ወደ አንጓ ይመለሳል። በዚህ ምልልስ መሐል ዳኛው የራሱን የሸሚዝ እጅጌ ከሱሪው ጋር አብሮ በስፒል ያዘው።

«እስቲ በመስታወት ልየው» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ሲራመድ ዳኛው በጉልበቱ እየተንፏቀቀ ተከተለው።

«ምን ሆንክ?» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ሲዞር ዳኛውም አብሮ ዞረ።

«ቆይ! ቆይ! አብረን ተያይዘናል!»

«እኔ ሱሪ አዘዝኩ እንጂ መቼ ሰፊውን ጭምር አልኩ?»

ጥርስ ባዳ ነው፤ ባለቤቱን አያማክርም። ዳኛው ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አፉን ልሸፍን ቢል አንዱ እጁ የዳቦ ጋጋሪው እግር ላይ ተይዟል፣ በሌላው ወለሉን ተደግፏል። ቀና ሲል ሚጡ ፊቱ ቆማ አፉን ታያለች። ሳቁ እዚያው ደረቀ።

«አባዬ፣ ያንተም እንደኔ ነው እንዴ?»

«አዎ… ከእኔ ነው የወሰድሽው። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ!»

ጣቷን ሰዳ ጥርሱን ነካች፣ የራሷን ነካች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። የፈራው ወቀሳ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ የጠፋ ዘመዷን ያገኘች ነው የምትመስለው። ዳኛው ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እንደደበቃት ያን ጊዜ ገባው፤ ተጸጸተም፣ ደስም አለው።

በቀጠሮው ቀን ይዟት ሄደ። ሐኪሟ የሚጡንም አፍ አየች።

«ለእሷ ገና ነው፤ መንጋጋዋ እያደገ ነው። ትንሽ ከፍ ስትል ግን ጥርሷ ላይ የሚታሰር ሽቦ ሳያስፈልጋት አይቀርም።»

«ክፍል ውስጥ ሁሉም ያየዋል?» አለች ሚጡ፤ ድምጿ አነሰ።

«መታየቱንስ ይታያል» አለች ሐኪሟ፣ ወደ ዳኛው ዞር እያለች። «ለእርስዎ ግን ጋሼ፣ እንደተነጋገርነው የማይታየውን እንጀምር?»

ዳኛው ልጁን አየት አደረገ።

«የለም ዶክተር፣ ለእኔ ሽቦውን ያድርጉልኝ» አለ። «የእሷ ተራ እስኪደርስ ሰፈሩ ይልመደው።»