ከወጥ ቤቱ በር ወዲያ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት ወጥ አለመቅመስን ነው። ቦታው በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ፊንስበሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከውጭ ሲያዩት ተራ መኖሪያ ቤት የሚመስል የስሪላንካ ቡድሂስቶች ገዳም ነው። ምስሩን በኮኮናት ወተት አንተክትኬ ጨዉን ልይ ብዬ ማንኪያ ሳነሳ ኩሱማ እጄን ያዘችኝ። ኩሱማ የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ የኔ አለቃ ናት። ምግቡ ቀድሞ ለቡድሃ ስለሚቀርብ ማንም አፉን አያስቀድምም አለችኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ እኮ በዐቢይ ጾም ለእንግዳ ሳልቀምስ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። የጾም ወጥ ሠሪ ጨውን አሽትታ ታውቀዋለች። ማንኪያውን መልሼ አፍንጫዬን ወደ ድስቱ ሳስጠጋ፣ ማሽተትም ክልክል ነው ተባልኩ። ይኼስ ከኛም ባሰ! ጨውን በመዳፌ ገምቼ ነሰነስኩ። ሳህኖቹ ባዷቸውን ተመለሱና በዚያው ተቀጠርኩ።

ከዚያ በፊት ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ነበርኩ። እዚያ ዳቦው በማሽን ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ አንዷ ቅቤ ትቀባለች፣ አንዷ ዱባ የሚያህል አይብ ትቆራርጣለች። ማን እንደሚበላው የሚያውቅ የለም። የሚጠይቅም የለም።

የገዳሙን ሥራ ከመያዜ በፊት የንስሐ አባቴን አማክሬ ነበር። ሠርቶ ማደር ነውር የለውም፣ ወጡን ሥሪ፣ ብቻ ለጣዖት በእጅሽ እንዳታቀርቢ አሉኝ። ቃል ገባሁ። እንዳልሳሳት ብዬ ድንበሩን ወጥ ቤቱ በር ላይ አደረግሁት። ትሪውን እስከ ደፉ አደርሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ኩሱማ ትቀበለኛለች። ነገሩን ነግሬያት ስለነበር አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም።

የአቀራረቡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከየወጡ ትንሽ ትንሽ ተቀንሶ፣ ከአበባና ከመብራት ጋር መጀመሪያ ለቡድሃ ምስል ይቀርባል። ቀጥሎ ለመነኮሳቱ ይቀርባል። እነሱ ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት እህል አይቀምሱም። ደግሞም መነኩሴ ያልሆነ ሰው በእጁ ያልሰጣቸውን ምግብ አንስተው አይበሉም። ከምእመናኑ ተረኛ የሆነ ቤተሰብ ይመጣና እየተንበረከከ ሳህኑን አንስቶ በእጃቸው ይሰጣቸዋል።

ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ በበሩ በኩል አያቸው ነበር። ትልቁ መነኩሴ ያረጁ፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሁለቱ ገና ጎልማሶች ናቸው። ዓይናቸውን ከደን አድርገው እንደተቀመጡ ይቆያሉ። ውጭ አምቡላንስ ሲጮህ እኔ እደነግጣለሁ፣ እነሱ ግን ትከሻቸው እንኳ አይነቃነቅም። ጸሎታቸው ባይገባኝም ቢላዬን ቀስ እያደረግሁ ነበር የምከትፈው።

አንድ ክረምት ትልቁ መነኩሴ ታመው ሆስፒታል ከረሙ። በወጡ በማግስቱ በረዶ ወረደ። እኔ ሰፈሬ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ መጣሁ። ምግቡ ደርሶ ቀትር ሲቃረብ ኩሱማ ደወለች። ባቡሩ ቆሟል፣ እኔም ተረኞቹም መንገድ ላይ ቀርተናል አለች።

«አንቺ ስጫቸው» አለችኝ። «ማንም ሰው ቢሰጣቸው ይሆናል፤ ሃይማኖት አይጠየቅም።»

«ቃሌን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። አላስገድድሽም። ብቻ ትልቁ መድኃኒታቸውን የሚውጡት ምግብ ከበሉ በኋላ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሦስቱም ባዶ ሳህናቸውን ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወደኔ ዞር ብሎ ያየ የለም። ትልቁን ተጣርቼ፣ ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ልተውልዎትና ራስዎ ያንሱ ብዬ ለመንኳቸው።

«ያልተሰጠንን አናነሳም» አሉኝ። ድምፃቸው ገና የታማሚ ነበር። «ስለ ቃልሽ ኩሱማ ነግራኛለች። አንቺ ቃልሽን ጠብቂ፣ እኛም የኛን እንጠብቃለን። በረዶው ሳይብስ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ከሆስፒታል የወጣ ሽማግሌ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ምግብ አጠገቡ ሆኖ ጦሙን ሊያድር ነው፤ ደግሞ የሚያስበው ለኔ መንገድ ነው። በሕይወቴ ብዙ ጿሚ አይቻለሁ፣ ራሴም ጿሚ ነኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ፈራሁም፣ አከበርኳቸውም።

የንስሐ አባቴ ያሉት ለጣዖት አታቅርቢ ነው። የራበው ሰው ጣዖት አይደለም።

ለምስሉ የተቀነሰውን ትሪ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት፤ እነሱ የሚበሉት ስላልሆነ አንደኛው ጎልማሳ መነኩሴ ተነስቶ ራሱ ወሰደና አቀረበ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ የሩዙን ሳህን በሁለት እጄ አነሳሁና በሩን አለፍኩ። አልተንበረከክሁም፤ አገሬ ለትልቅ ሰው እንደምናቀርበው ጎንበስ አልኩ። ትልቁ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ ምስሩን፣ ከዚያ ጎመኑን፣ ለሁለቱም ጎልማሶች እንዲሁ ሰጠኋቸው። በልተው ሲጨርሱ ሦስቱም በአንድ ድምፅ መረቁኝ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ምርቃት መሆኑ ግን ገባኝና አለቀስኩ።

እሑድ ለንስሐ አባቴ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው አቀርቅረው አደመጡኝ። ቀኖና ምን ያህል ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ቀና አሉ።

«ታመው የነበሩት ሽማግሌ በሉ?»

«በሉ፣ አባቴ።»

«መድኃኒታቸውንስ?»

«ዋጡ።»

«እንግዲያው ሂጂ። ነገ ሥራ አለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ድንበሬን ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ወደ ምስሉ አላቀርብም፤ ተረኛ የቀረ ዕለት ግን ለመነኮሳቱ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ።

ዛሬ የወጥ ቤት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች የምነግራችሁ ይኼንኑ ነው። የጨው መጠን በልምድ ይመጣል። ሥራችሁ ግን ድስቱ ሲወርድ አያልቅም፤ የሚያልቀው ምግቡ ከሰው እጅ ሲገባ ነው።