ድንኳኑ ይቁም

ብዙአየሁ ስልኳን ከጉያዋ አትለየውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ አታጠፋውም። ልጇ ጃለታ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አብሮት የሄደ ልጅ፣ ጃለታ በረሃ ላይ መሞቱን ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ ፈዬራ ደውሎ ነግሯቸዋል። ሊያረዷት ቢሄዱ «ሬሳውን ያየ አለ?» ብላ በር ዘጋችባቸው። እኔ ጎረቤቷ ሰኚ አልቅሺ እያልኩ ስንቴ ጨቀጨቅኳት! ሰው አልቅሶ ካልወጣለት ይደርቃል፤ እሷም ደረቀች። ብታመሰግኛትም፣ ብትሰድቢያትም ያው ናት።

እዚህ ሳሊተ ምሕረት ሰፈራችን፣ እርሻው ሁሉ ፎቅ ሆኖ የጭቃ ቤት የቀረው የእሷ ብቻ ነው። ኦሎምፒያ ቢሮ ያለው ዘርአጽዮን የሚባል ጎረምሳ፣ በድብቅ ድንበር ስለሚሻገሩ ልጆች ፊልም እየሠራሁ ነው፣ ለእናትየዋ መርዶ የሚነገርበትን ግቢሽ ውስጥ ልቅረጽ ብሎ ለመናት፤ እሺ አለችው። እንዴት ትችይዋለሽ ስላት «መርዶው የእነሱ ነው፤ ምን አገባኝ» አለች። አናደደችኝ።

መርዶ በማለዳ ነውና ገና ሲነጋጋ ጀመሩ። ተዋናይቷ፣ እሷ የተረገመች፣ ጩኸቱን አቀለጠችው። ቀኑ ዛሬ መሆኑን ለእኔም ለሰፈሩም የነገረ ሰው የለም። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ብዙአየሁ በመጨረሻ ተረዳች ብሎ ጥሩምባውን ነፋ። እኔም መቀነቴን በቅጡ ሳላስር ሮጥኩ። ሴቶቹ «ጃለታ! ጃለታ!» እያልን ደረታችንን ስንመታ፣ ወንዶቹ ድንኳኑን ተክለው ጨርሰዋል። ለካ ካሜራው ፊታችን ተገትሯል።

ዘርአጽዮን እጁን እያወናጨፈ ፊልም መሆኑን ነገረን። ጋሽ ፈዬራ የሚገቡበት ጠፋቸው። ድንኳኑ ቶሎ ይነቀል ብለው አዘዙ። እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ልጁን ልሞልጨው ስል፣ ብዙአየሁ ከደጃፏ ተነሳች።

«ተዉት፤ ድንኳኑ ይቁም» አለች።

ጋሽ ፈዬራ ግራ ገብቷቸው «የማን ለቅሶ ብለን ነው የምንቀመጠው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የልጄ።»

እንባ የለ፣ ምን የለ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እኛ ስናለቅስ እሷ አጥሩን ታያለች። ከዚያ ስልኩን ከጉያዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ያዥው» አለችኝ።

ፊልሙ ወጣ አሉ፤ አላየሁትም። ስልኩ እኔ ዘንድ ነው። እሷ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን፣ ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ እንጃ፣ እስከ ዛሬ ቻርጅ አደርገዋለሁ።