ለልጄ ያጠጣሁት አብሾ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ባለቤቴም ሳይሰሙት ሞቱ። እናንተ ስለማታውቁኝ ትቀሉኛላችሁ፤ ፈሪ ሴት የምትናዘዘው እንዲህ ነው።

ልጄን ያሳበድኩት እኔ ነኝ።

ታደሰ ያኔ ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ ነበር። እዚህ ሆሳዕና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የኔታ ዘንድ ዳዊት ይማራል። አባቱ ከሰሜን መጥተው የግብር ሹም ስለሆኑ፣ እኔም ማንበብና መጻፍ ስለማውቅ፣ ራሳችንን ትልቅ ሰው አድርገን ነበር። ትልቅነታችን ምን ነበር? በከተማው ዙሪያ ያለው የሌሞ አገር ገበሬ ያመጣውን ማር እየበሉ ገበሬውን መናቅ።

ከታደሰ ጋር ኤርጫፎ የሚባል የሌሞ ልጅ ይማር ነበር። ክርስትና ተነስቶ ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ እኔ ግን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። አማርኛውን ገና እየሰባበረ ዳዊቱን ሳይገልጥ በቃሉ ይደግም ጀመር። ታደሰ ገና ግማሹ ላይ ነበር።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የዳኛው ሚስት፣ "እትዬ አስካለ፣ የቆጮ በላው ልጅ የእርስዎን ታደሰ ቀደመው አሉ። እንግዲህ ገበሬው ሊቀድስልን ነው" ብላ ሳቀች። ፊደል የማትለይ ሴት ነበረች። ልጄን ለእሷ ሳቅ ሸጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ከለከልኩት። ያዘዝኩትን በቃሉ ካላለ እራት የለም። የበላውን ያስመልስ፣ ፀጉሩን ይነጭ ጀመር።

"እማዬ፣ ፊደሉ ይሮጥብኛል። ትንሽ ልረፍ።"

"ለገበሬ ልጅ የቆመ ፊደል አንተ ላይ የሚሮጠው ምን ሆነህ ነው?"

መጨነቁን አላወቅኩም ልበል? አውቄ ነበር። ስንፍና ብዬ መጥራቱ ይቀለኝ ነበር እንጂ።

በአባቴ አገር በጎጃም ተማሪ ትምህርት እንዲገባው የሚጠጣው አብሾ የሚሉት መድኃኒት አለ። የአንዱን ልብ ይከፍታል፣ የሌላውን ይሰውራል። ይህንንም አውቅ ነበር፤ አጎቴ ጠጥቶት ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ጋር ሲከራከር አይቼ አድጌአለሁ። አንጋጫ የተቀመጠ አንድ ደብተራ ቀምሞ ሰጠኝ። የኔታን አላማከርኩም፤ ይከለክሉኝ ነበር።

"አልጠጣም" አለ ታደሰ። "ኤርጫፎ ሳይጠጣ ነው የያዘው።"

"እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ። የአባትህ ልጅ ከሆንክ ጠጣ።"

ጠጣ። እኔ አጠጣሁት።

በነጋታው ዳዊቱ እንደ ውሃ ወረደለት። ደስ ብሎኝ ድግስ ደገስኩ። በሰው ፊት ቆሞ እስከ መጨረሻው አለው። "በቃ" ስንለው እንደገና ጀመረ፤ ጨርሶ እንደገና። ላቡ ይወርዳል፣ ዓይኑ እኛን አያይም። ጸጋ ነው እያሉ ያደንቁ ነበር፤ የዳኛው ሚስትማ እልል አለች። ልብሱን መቅደድ ሲጀምር ነው የያዙት።

"ምን ነካው?" ሲሉኝ ምን አልኩ? ለድግሱ እንጨት ተሸክማ መጥታ በር ላይ የቆመችውን የኤርጫፎን እናት በጣቴ አሳየሁ። "እሷ ናት የበላችው" አልኩ። ልጄን መርዤ እሷን ቡዳ አደረግኳት። እየደበደቡ ከከተማ አስወጧት። ልጇም ከትምህርቱ ቀረ።

የታደሰ አእምሮ አልተመለሰም። ከጠበል ጠበል ስናንከራትተው ሞተ። ባለቤቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያችን ሴት ሲረግሙ እኔ "አሜን" እል ነበር።

ዘንድሮ እሳቸው ሲሞቱ ለቅሶ መጣች። አርጅታለች። ከደጅ ተቀምጣ አለቀሰችና፣ "ልጅሽስ፣ ዳነ ወይ?" አለችኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። እዚያው መናገር እችል ነበር። "አስገቧት፣ ቦታ ስጧት" አልኩ። ቸርነቴን አመሰገኑ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ማለት የምትችለው ሴት ያለችው ሌሞ ነው። መንገዱ ቅርብ ነው፣ እግሬም ደህና ነው። አልሄድኩም።