የአስቴር ሙዝ በማን ስም ይሸጥ?

እስኪ ያቺን ባጃጅ ውስጥ ያለችውን ልጅ ተመልከቷት፤ ላፕቶፗን ታቅፋ ከሲቀላ ከተማ ወደ ጫኖ መንደር የምትሄደውን። ሩሐማ ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ስትቀመጥ፣ የጫኖ ሙዝ አምራቾች ማኅበር «ሙዛችንን በስልክ የምንሸጥበት መተግበሪያ ሥሪልን» አላት። ሠራች። ሪባን ለቆረጠ ሹም ገጽ ሙሉ ይጻፋል፤ ለእንዲህ ያለችው ግን አንድ መስመር እንኳ ይነፈጋታል!

የማኅበሩ ሰብሳቢ ኤርጫፎ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፦ «ፓስወርድ ምናምን አይኑር። ነካ ሲያደርጉት ይክፈትላቸው።» ስለዚህ ስልኩ ላይ ባለው ጂሜይል ራሱ እንዲያስገባ አደረገችው። ከኋላው ሥራውን የሚያቀላጥፉ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሰርቨሮች፣ አሉ። አንዱ «ማን ነህ?» ብሎ ማንነትን ያረጋግጣል። ሌላው ለዚያ ሰው የተፈቀደለትን ይወስናል፤ የራሱን ሙዝ ይሽጥ፣ የጎረቤቱን አይንካ ይላል። ሆን ብላ ነው የለያየቻቸው።

በሙከራው ቀን የማኅበሩ ሴቶች ማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። አስቴር ቀደመች። ባሏ ማርቆስ ከሞተ ወዲህ ሙዟ በባሏ ወንድም ስም ይመዘናል፣ በሱው ስም ይሸጣል። ዛሬ ግን ራሷ ልትሸጥ ነው የመጣችው። ነካችው፤ ተከፈተ፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይበልጣል ሞባይል።»

አገኘሽም ነካች። «ይበልጣል ሞባይል።» የሊሻንም ያው።

«ኧረ ጉድ! ሁላችንም ይበልጣልን አግብተናል ማለት ነው?» አለች አገኘሽ። ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ።

ይበልጣል ሲቀላ ስልክ ይሸጣል። የገዛውን ሰው ሁሉ በራሱ ጂሜይል ከፍቶ ይሸኘዋል። ገዢው ኢሜይል የለውም፣ ሌላው ሰው ደግሞ ከኋላ ይገፋል፤ ማን ይጠይቀዋል? ሩሐማ ይህን አላሰበችም። እኛስ መቼ አስበን እናውቃለን?

ኤርጫፎ አልሳቀም። «ሙዙን የሚወስደው መኪና ሐሙስ ይጭናል። ለዚህ ይበልጣል ለተባለው የሁሉንም ሙዝ ፍቀጂለት፤ ይግቡ በቃ።»

ይቻል ነበር። ፈቃድ ሰጪው ሰርቨር ላይ አንድ መስመር ብትቀይር አለቀ፤ ሥራዋን አስረክባ፣ ተመስግና ትሄድ ነበር።

«የኔን ሙዝ ማን ሸጠ ይላል ታዲያ ስልኩ?» አለች አስቴር።

«ይበልጣል ሞባይል» አለች ሩሐማ፣ አፍራ።

«ውሃ ያጠጣው እሱ ነው?»

ሩሐማ ላፕቶፑን ዘጋች። «አልፈቅድለትም፣ ወንድም ኤርጫፎ።»

«መኪናው ጥሎን ቢሄድስ?»

«የደረሰ ይጭናል። ያልደረሰ በሚቀጥለው።»

ከዚያ ቤት ለቤት ሆነ። በአስቴር ጀመረች። የይበልጣልን አካውንት ከስልኩ አውጥታ አዲስ ልትከፍት፣ «ሙሉ ስምዎ?» አለቻት።

«የማርቆስ ሚስት።»

«እሱ አይደለም፣ እህት አስቴር። የአባትዎን ጨምረው።»

አስቴር ቀስ ብላ፣ «አስቴር ዳና» አለች። «የአባቴን ስም ከጠራሁት ስንት ዘመኔ!»

ፓስወርዱን ለመንደሩ ሁሉ ልታሰማው ስትል ሩሐማ ደነገጠች። «ኧረ ለኔም አይንገሩኝ!»

«ጌታ የሚያውቀውን ካንቺ ልደብቅ?»

«ይደብቁ!» ብላ ፊቷን አዞረች። አስቴር በአንድ ጣቷ፣ እየሳቀች ጻፈችው።

ሐሙስ ሁሉም አልደረሱም። ሊሻን ቀረች፤ አኮረፈችም። ኤርጫፎ ሩሐማን ሰላም ሳይላት አለፈ። የአስቴር ባል ወንድም እንደ ልማዱ ሚዛኑ ጋ ቆሟል። መዛኙ ስልኩን አየና፣ «አስቴር ዳና ማን ናት?» አለ።

«እኔ ነኛ!»

የባሏ ወንድም ግራ ገብቶት ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከባዱን ዘለላ አነሳና እሷ ፊት ሚዛኑ ላይ አስቀመጠላት።

እናንተስ? ለእናታችሁ ስልክ ገዝታችሁ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ከፍታችሁ፣ «እሷ ምን ያደርግላታል» አላላችሁም? እባካችሁ ዛሬውኑ አጠገቧ ቁጭ በሉ፤ ስሟን ከነአባቷ ጠይቋትና በራሷ ስም ክፈቱላት።